ከብርጭቆው ኋላ ያለው ርዕስ

ጥቅምት 3

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ቢሆን ዕድሜውን ሙሉ ከእኔ ጋር ወንበር ላይ ስለኖረ ነው እንጂ ክፋት የለበትም። ፈጣሪ እጅሽን ይባርክልሽ፤ አንቺ የፈጨሽው መነጽር ያረፈበት ዓይን ሁሉ አጥርቶ ይይ።

ይህን ከቢሮ በኢሜይል የምጽፍልሽ በስልክ መነጋገር ስለማይመች ነው። ስልክ ካነሳሁ እናትሽ ትሰማለች። እኔ ምድር ቤት፣ እሷ ፎቅ ላይ ሆነን እንዴት እንደምትሰማ አትጠይቂኝ፤ የከተማው የስልክ ኦፕሬተር ሆና ጡረታ የወጣች ሴት ናት።

ጉዳዬ ከባሕር ማዶ የላክሽላት ስልክ ነው። እናትሽ በሥራ ዘመኗ የከተማውን ጉድ ሁሉ በጆሮዋ አሳልፋለች፤ ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ማንን ሊያገባ ነው፣ ሁሉን ታውቅ ነበር። አንድም ቃል ከአፏ ሳይወጣ ነው ጡረታዋን የተቀበለችው። ይኸው አሁን ያ ሁሉ ታምቆ የኖረ ዝምታ አንድ ላይ ፈነዳ። «ከበረንዳዬ» የሚል ገጽ ከፍታ ከጠዋት እስከ ማታ ስትዘግብ ትውላለች። የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ «አንቴና» ይላታል። ተከታዮቿ ከጋዜጣችን አንባቢዎች ይበልጣሉ። ይህንንም የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ደረጃው ላይ፣ ሳልጠይቃት።

በቀደም አንድ የጭነት መኪና ከገበያው መግቢያ ቅስት ሥር ተቀርቅሮ ዋለ። እኔ ሾፌሩን አነጋገርኩ፣ የትራፊክ ፖሊሱን አነጋገርኩ፣ የቅስቱን ቁመት አስለካሁ፤ ጋዜጣችን ሳምንታዊ አይደል፣ ጥሩ ዜና ሆኖ ቅዳሜ ወጣ። ጋዜጣ ሻጫችን ርዕሱን አይቶ ምን አለኝ መሰለሽ?

«ጋሼ፣ ይሄ መኪና እስካሁን አልወጣም እንዴ?»

ለካ እናትሽ መኪናው ሲቀረቀር ወዲያው አሳይታዋለች። ጎማውን አስተንፍሰው ሲያወጡትም አሳይታለች። ሾፌሩ እጁን ሲያውለበልብላት ሁሉ አለ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። የስልክ ማቆሚያና ማይክሮፎን ላኪልኝ እንዳለችሽ ሰምቻለሁ። አትላኪ። ስልኩ እነዚህን አይቀበልም በያት። ይህ መዋሸት አይደለም፤ ማዘግየት ነው።

የእኔ ገጽ ደህና ነው። ጋዜጣው ላይ የማዘጋጀውን የከተማ ገጽ ማለቴ ነው። እንደ ወትሮው ነው፤ ደህና ነው።

አጎትሽ


ጥቅምት 20

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? ወገብዎስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ወንበርዎም ይለስልስ።

የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ሥራ አልበዛብኝም። ለእማዬ ዋሺ ሲሉኝ ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፍቶኝ ነው። ልጅ ሆኜ ዜና ክፍል ወስደው አጠገብዎ ሲያስቀምጡኝ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሁለት ሕጎች እየጠቆሙ ያስነበቡኝ እርስዎ ነዎት። «ሁለት በር ሳታንኳኳ አትጻፍ፤ በዜናው የሚጠቀመውንም የሚጎዳውንም ጠይቅ» ይላል አንዱ። ሌላው፣ «እርማት ስህተቱ በወጣበት ገጽ፣ በስህተቱ የፊደል መጠን ይወጣል።» ማንበብ የለመድኩት በእነሱ ነው። አሁን «ማዘግየት ነው» ይሉኛል!

ማቆሚያውንም ማይክሮፎኑንም ልኬያለሁ። ደርሷታል። ማይክሮፎኑን ስትሞክረው እዚህ ያለው ጎረቤቴ ግድግዳ ደበደበ።

ደግሞ ገጽዎ ደህና እንደሆነ ደጋግመው ጻፉልኝ። ማን ጠየቀዎት? ሰው ሳይጠየቅ የደጋገመውን ነገር አጣሪ ያሉኝም እርስዎ ነዎት።

እማዬ ትናንት ስትደውል የቧንቧው ውሃ ሻይ መስሎ ነው የሚወርደው አለችኝ። «ታዲያ ጋሼ ምን ይላል?» ስላት፣ «ጋሼሽ? እሱ ውሃ ቢያንቀውም ሁለት ሰው ሳይጠይቅ አይስልም» አለችኝ። ሲስቁ ይታየኛል። አይሳቁ፣ ይመልሱልኝ፤ ጋዜጣው ምን ይላል?

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 24

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ እንዳለ ነው፤ ቁጣዬም እንዲሁ።

ጋዜጣው ምን ይላል ብለሻል። የውሃ ቢሮውን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ራሴ ደውዬ አነጋግሬዋለሁ። ናሙና ተመርምሯል፣ ችግር የለም ብሎኛል። ነገ በፊት ገጽ፣ በትልቅ ፊደል «ውሃው ንጹህ ነው» ብለን እንወጣለን። በቢሯችንም ምንም የተለየ ነገር አላየንም። ዜና ክፍላችን ከጠዋት እስከ ማታ ሻይ ነው የሚጠጣው፤ ሻዩ እንደ ወትሮው ሻይ ነው።

አሁን የእናትሽን ሥራ ልንገርሽ። ትናንት በላክሽላት ማቆሚያ ስልኩን በረንዳዋ ላይ አቆመች፣ በላክሽላት ማይክሮፎን ጮኸች። ነጭ አንሶላዋ ከእጥበት ቡናማ ሆኖ ወጥቷል። እሱን አሳየች፤ ይሁን፣ አንሶላው የራሷ ነው። ቀጥላ ግን ስልኩን ወደ ታች አዞረችው፤ ወደ ቀለም ነካሪው ሱቅ ጓሮ። ያን ጊዜ ከቦዩ ቀይ ውሃ እየፈሰሰ ነበር።

«ዓይናችሁ እያየ! ውሃችንን ማን እንዳቀለመው እዩ!»

ነካሪውን ታስታውሽዋለሽ። የትምህርት ቤት ሹራብሽን በየዓመቱ እየነከረ አዲስ ያስመስልልሽ የነበረው ነው። ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ሰው ተኮለኮለ። ማንም አልነካውም፤ ነገር ግን እንዲነከርለት የሰጠውን ጨርቅ ያልወሰደ የለም። አዲስ የሚያመጣም የለም።

እናትሽን ደረጃው ላይ አገኘኋት።

«እታለም፣ ሰውዬውን ጠየቅሽው?»

«ምን ብዬ ልጠይቀው? ቀይ ውሃ ሲፈስ አሳየሁ። ውሸት ነው?»

«ያሳየሽው እውነት ነው። ያልሽውን ነው የምልሽ።»

«አንተ ስትጠይቅ ስትጠይቅ መኪናው ከወጣ በኋላ ትደርሳለህ!»

«እታለም፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

«የአንተ አፍ መች ተንቀሳቅሶ ነው ወለም የሚለው?»

ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆነናል። ስልኩን ማን እንደላከ አልረሳሁም።

አጎትሽ


ኅዳር 4

ጋሼ፣

እንደምን አሉ? ሰላምታዬ ከልብ ነው፤ እየሳቅሁ ስለምጽፍ ግን አስቀድሜ ይቅርታ።

አይተውታል አይደል? ጋዜጣው በወጣበት ቅዳሜ እማዬ ከቧንቧዋ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳች። ጋዜጣችሁን ከብርጭቆው ኋላ አቁማ ፎቶ አነሳችው። ከብርጭቆው ግራና ቀኝ ጽሑፉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። በብርጭቆው በኩል ግን «ውሃው ንጹህ ነው» ከሚለው ርዕስ ግማሹ ጠፍቷል። ከሥሩ የጻፈችው «እስኪ አንብቡት» ብቻ ነው።

ከዚያማ የከተማው ሰው ተያያዘው! ጋዜጣና ብርጭቆ፣ ጋዜጣና የሕፃን ጡጦ፣ ጋዜጣና የአበባ ማስቀመጫ። አንድ አዛውንትማ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ያስቀመጡበትን ብርጭቆ ከጋዜጣው ፊት አቁመው፣ «ጥርሴም ማንበብ አቃተው» ብለው ጽፈዋል። ሁሉም የየሰፈሩን ስም እየጻፈ ይልካል። እኔ እዚህ ሱቅ ውስጥ ሌንስ ይዤ ስስቅ አለቃዬ ዓይኔን መርምሮኛል።

ሳቄ ያበቃው ስለ ነካሪው ስጠይቅ ነው። «እማዬ፣ ሰውዬው እንዴት ሆነ?» አልኳት። ስለ አየሩ ነገረችኝ። እንደገና ስጠይቃት ስለ ድመቷ ነገረችኝ። ጋሼ፣ እማዬ ድመት የላትም።

ነካሪው ሊዘጋ ነው የሚል ነገር ከአንድ አብሮ አደጌ ሰማሁ። እውነት ነው? እባክዎ ይጻፉልኝ። ተቆጥተው ከሆነም ተቆጥተው ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 13

ጋሼ፣

እንደምን ነዎት? መልስ አላገኘሁም።

እማዬን «ውረጂና የጋሼን በር አንኳኪ» አልኳት። «መብራቱ ይበራል፤ ሰው አለ ማለት ነው» አለችኝ። «ሁለት በር አንኳኩ እያለ ሲያስተምር የኖረ ሰው አንድ ደረጃ መውጣት አቃተው?» ትላለች። እርስዎ ደግሞ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እሷም መውረድ ትችላለች ነው የሚሉት። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ደረጃው ግን ባዶውን ቀረ።

የዚህን ቅዳሜ ጋዜጣ በኢንተርኔት አየሁት። የከተማ ገጹ የለም። በቦታው የሶፋ ማስታወቂያ ነው ያለው።

ደህና ነው ብለውኝ ነበር።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 16

ለውዲቱ የእህቴ ልጅ፣

አሳስቤሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ጤናዬ ሙሉ ነው። ወገቤም አለ። ረጅም ነገር ስለምነግርሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

የብርጭቆው ነገር እንደተጀመረ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ሻይ የምታቀርብልንን ሴት «አንድ ብርጭቆ ውሃ» አልኳት። «ውሃ? ለማን?» አለችኝ ደንግጣ። አመጣችልኝ። ጋዜጣውን ከኋላው ያዝኩ። የራሴን ርዕስ ማንበብ አቃተኝ። ከመካከላችን ቧንቧ ከፍቶ ያየ ሰው አልነበረም፤ ሻይ ጠጪ የውሃ መልክ ከየት ያውቃል? ሁለት በር የምለው ሰውዬ ያንኳኳሁት አንድ በር ነው፤ ያውም በስልክ።

የዚያኑ ሳምንት ባለቤቱ ጠራኝ። ጋዜጣው የእሱ ነው፤ ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ነጋዴ ነው። «አንቴና በነጻ ትሠራዋለች፣ አንተ በደመወዝ ትሠራዋለህ። እሷ ትቀድማለች፣ አንተ ትሳሳታለህ። ምን ላድርግ?» አለኝና ገጹን ለሶፋው ሰጠው። ከጥቅምት ጀምሮ ሲያስጠነቅቀኝ ቆይቶ ነበር፤ አንቺን ደህና ነው ያልኩሽ ያኔ ነው።

ገጽ የሌለው የገጽ አዘጋጅ ምን ይሠራል? ቁጭ ብዬ የሚሳለቁብኝን ፎቶዎች አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። የጀመርኩት ለመናደድ ነበር፤ የቀጠልኩት ለማንበብ ነው። የጥርሱን ፎቶ ሁለቴ አየሁት። አዛውንቱ ሰፈራቸውን ጽፈዋል፤ ኮረብታው ላይ፣ ከውሃ ማጠራቀሚያው ሥር ነው። እዚያ አንድ ፊደል አይታይም። ከመሐል ከተማ በተላኩት ላይ «ውሃው» የሚለው ቃል እንደ ጥላ ይታያል። ከታች፣ ነካሪው ካለበት ሰፈር በመጡት ላይ ደግሞ ግማሹ ይነበባል።

ተነስቼ ፎቶዎቹን አሳተምኩና ግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች እንደ ቁልቁለቱ ለጠፍኳቸው። ሰው ሁሉ ሊቀልድብኝ ብሎ፣ ሳያስበው በአንድ ዓይነት መለኪያ ውሃውን ለክቶልኛል። ያው ጋዜጣ፣ ያው ርዕስ፣ ያው ፊደል። ነካሪው ቢሆን ኖሮ መጥቆር የነበረበት ከእሱ በታች ያለው ነው። ቆሻሻው ግን የሚመጣው ከላይ ነው።

ደረጃውን ወጣሁና አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁለተኛውስ? አንተ ብቻህን አትንቀሳቀስም።»

ከፈተችልኝ። ፎቶዎቹን ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኩላት። ዝም ብላ አየች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ዝም ስትል ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ታዲያ እሱ አይደለማ» አለች፣ ቀስ ብላ።

«አይደለም።»

«ምን ላድርግ?»

«ተከታዮችሽን ጥሪልኝ። ጠዋት፣ መስኮት አጠገብ፣ ያንኑ ጋዜጣ ከኋላ አድርገው እንደገና ያንሱ በያቸው። ሰፈሩን ይጻፉ። አትሳለቂ፤ ጠይቂ ብቻ።»

በማግስቱ ጠዋት ፎቶ የላከልን እኔ ዓመት ሙሉ ብዞር አነጋግሬ የማልጨርሰው ሰው ነው። ግድግዳው ሞላ። የቀረው ማንኳኳት ነበር፤ እሱ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ሠራተኞች የማጠራቀሚያውን የውስጥ ዝገት እየፋቁ ነው፤ የመውጫውን ቧንቧ ግን አልዘጉም። ዘበኛውን «ለምን አልተናገርክም?» አልኩት። «ማን ጠይቆኝ?» አለኝ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊውን ይዤው መጣሁና ግድግዳው ፊት አቆምኩት። ፎቶዎቹን ከላይ እስከ ታች ካየ በኋላ፣ «ናሙናው ዝገቱን መፋቅ ከመጀመራችን በፊት የተወሰደ ነበር» አለ። መግለጫ ሰጠን፤ ማጠራቀሚያው በዚህ ሳምንት ተዘግቶ ይታጠባል።

መጨረሻ ላይ ነካሪው ጋ ሄድኩ። በርሜሎቹን እየከደነ ነው። በወሩ መጨረሻ ቁልፉን ለአከራዩ አስረክቦ ወንድሙ ወዳለበት ከተማ ሊሄድ ነው። የጓሮው ቦይ ከመጠጥ ውሃው ጋር አይገናኝም፤ ዝገቱም የእሱን ቀለም ሲያበላሽበት ነው የከረመው። እውነቱን አግኝተናል፣ እንጽፈዋለን አልኩት። እንዲህ አለኝ፦

«ስሜን ያጠፋችሁት በማይክሮፎን ነው። በሹክሹክታ አትመልሱልኝም።»

አሁን ችግሩ ይኸውልሽ። ባለቤቱ እርማቱን «እንደ ልማዳችን ከቃላት እንቆቅልሹ ሥር አድርጉት» ብሏል። ሁለተኛው ሕግ ግድግዳው ላይ እንጂ ገጹ ላይ ኖሮ አያውቅም፤ ይህን ልጅ ሆነሽ አልነገርኩሽም። እናትሽ ደግሞ ይህን ስትሰማ፣ «አንተ ከእንቆቅልሽ ሥር ስትደበቅ እኔ በረንዳ ላይ ወጥቼ ልዋረድ? መጀመሪያ አንተ!» አለችኝ። ወሩ እያለቀ ነው።

እባክሽ አንድ ቃል በያት። እሷ ትቅደም።

አጎትሽ


ኅዳር 18

ለምወድዎ አጎቴ፣

ደብዳቤዎን ቁጭ ብዬ ጀመርኩት፤ ከኮረብታው ጀምሮ ቆሜ ነው ያነበብኩት። እንኳን ደረጃውን ወጡ! ጉልበትዎን ያጽናልኝ።

ትቅደም ብዬ ግን አልነግራትም። እሷም ትናንት ደውላ «ለጋሼሽ ንገሪው፣ ይቅደም» ብላኛለች፤ ለእሷም እምቢ ብያለሁ። በአንድ እጅ አይጨበጨብም። ቅዳሜ ጋዜጣው በሚወጣበት ሰዓት እሷም በረንዳዋ ላይ ትውጣ። ማን ቀደመ የሚል ክርክር ከፈለጋችሁ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካችሁን ተከራከሩ።

ባለቤቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያ ሁሉ ሰው ከብርጭቆው ኋላ ያቆመውን ጋዜጣ ከየት አመጣው? ገዝቶ ነው እኮ ጋሼ! ጋዜጣ ሻጩን አነጋግረውታል? አንድ በር ቀርቶዎታል መሰለኝ።

ነካሪው ሹራቤን ሲመልስልኝ ሁልጊዜ «አዲስ ነው፣ እንዳታወሪ» ይለኝ ነበር። እስከ ዛሬ አላወራሁም። ቶሎ በሉ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 1

ለብልኋ የእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ የወለደችሽም ትባረክ፣ ብትጮህም።

ጋዜጣ ሻጩን ይዤው ባለቤቱ ቢሮ ገባሁ። ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ እንዲህ አለ፦ «ጌታዬ፣ ጋዜጣ አልቆብኝ የሚያውቀው ያን ቅዳሜ ብቻ ነው። ሰው ሊያነብ አይደለም የገዛው፤ ከብርጭቆ ኋላ ሊያቆመው ነው። እርማቱን በዚያው ፊደል ብታወጡት ብርጭቆውን ይዞ ይመለሳል። ከእንቆቅልሹ ሥር ብታደርጉት ግን ማን በምን ብርጭቆ ያየዋል?»

ባለቤቱ እኔን አየ፣ ሻጩን አየ። «ትልቅ አድርጉት» አለ። «ያን ያህል ትልቅ። በአንድ ፊደልም እንዳይበልጥ፤ ጉራ ይመስላል።»

ቅዳሜ ወጣ። «ተሳስተናል፤ ውሃው ንጹህ አልነበረም።» ከሥሩ፣ «ነካሪው አላጠፋም።» የቀረው የፊት ገጽ በሙሉ የብርጭቆዎቹ ፎቶ ነው፤ ከኮረብታው እስከ ታች እንደ ቁልቁለቱ ተደርድረዋል። ጥርሱም አለ። ፎቶ አንሺ በሚለው ቦታ «የከተማው ሰው» ብለን ጻፍን።

በዚያው ሰዓት እናትሽ በረንዳዋ ላይ ወጣች። ያው ማቆሚያ፣ ያው ማይክሮፎን። በእጇ ያው አንሶላ ነበር፤ አሁን ግን ድምቅ ያለ ሰማያዊ ሆኗል። ለካ ዋዜማውን ለነካሪው ሰጥታው ኖሯል። እሱም ከከደናቸው በርሜሎች አንዱን ከፍቶ ነክሮላታል።

«ዓይናችሁ እያየ!» አለች። «ይህን አንሶላ ያበላሸው የማጠራቀሚያው ዝገት ነው። ያዳነው ጎረቤቴ ነው። ሳልጠይቀው ስሙን አጠፋሁ። ተሳስቻለሁ!»

ነካሪው ሱቁ በር ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አንጋጦ አያት።

«አልተሰማም!» አላት። «ያን ቀን ከዚህ ይበልጥ ጮኸሽ ነበር!»

መንገዱ ላይ ያለው ሰው በሳቅ ፈረሰ። እናትሽም ሳቀች፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ «ተሳስቻለሁ!» ስትል ግን እርግቦቹ ከጣሪያው ተነሱ። ነካሪው ራሱን ነቀነቀና ወደ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ የሰማሁት በርሜል ሲንከባለል ነው። እየጫነው መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ወደ ቦታው እየመለሰው ነበር።

አሁን ሰውዬው የሚተነፍስበት ጊዜ የለውም። ዝገት ያልነካው አንሶላ በከተማው የለም፤ ሁሉም የእናትሽን አይቶ «እንደ አንቴና አድርግልኝ» እያለ ያመጣለታል። በረንዳው ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። ባዕድ ሰው ቢያይ የመንግሥት ትእዛዝ ይመስለዋል።

ገጼ ተመልሷል፤ ግማሹ አሁንም ሶፋ ነው። ባለቤቱ እናትሽን ልቅጠርሽ ቢላት፣ «ደመወዝ ከከፈላችሁኝ ዝም በይ ማለት ትጀምራላችሁ» ብላ መለሰችው። እኔና እሷ ግን ተስማምተናል። መኪና ቢቀረቀር፣ ዛፍ ቢወድቅ ትጩህ፤ አልቀድማትም፣ መቅደምም አልፈልግም። የሰው ስም ያለበት ነገር ሲሆን ወለሏን ሁለቴ ትረግጣለች፤ እኔ ጋ ጣሪያው ይሰማል፣ እወጣለሁ። ዘመኔን ሙሉ ሥራዬ ቀድሞ መናገር ይመስለኝ ነበር። ቀድሞ የሚናገርማ ከተማው ሙሉ ነው። በር የሚያንኳኳ ነው የጎደለው።

ትናንት ሁለቴ ረገጠች። ሮጬ ወጣሁ። እራት ቀርቧል ለማለት ነበር።

አንድ ልመና አለኝ፤ የቀድሞውን እርሺው። እንደ እናትሽ ያለ ስልክ ላኪልኝ። ከዚህ ጋር ያያያዝኩት ፎቶ በእሷ ስልክ ራሴ ያነሳሁት ነው፤ ነካሪው ሱቅ ውስጥ፣ ከእሱ ቧንቧ በተቀዳ ውሃ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 8

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ ጣሪያዎ እንደምን ናቸው? እኔ ከደስታ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ፎቶው ደረሰኝ። አውራ ጣትዎ ሩቡን ሸፍኖታል። ነካሪውም ከጥግ በኩል ግማሽ ፊቱ ገብቷል፤ እየሳቀ ነው፣ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ነው። ብርጭቆው ግን መሐል ላይ ነው፤ ከኋላው «ተሳስተናል» የሚለው አንድ ፊደል ሳይደበዝዝ ይነበባል።

ስልክ ልኬልዎታለሁ። ማቆሚያ ግን አልላክሁም። ከእማዬ ይዋሱ፤ አንድ ደረጃ ነው።

ፎቶውን አሳትሜ ሱቃችን ውስጥ፣ ዓይን ከሚለካበት ሰሌዳ ጎን ሰቀልኩት። ፊደላችንን የሚያውቅ ደንበኛ የለንም፤ ስለዚህ ሁሉም ምን ይላል እያለ ይጠይቀኛል። ዛሬ ጠዋት አንድ ሽማግሌ አዲሱን መነጽራቸውን ሳደርግላቸው መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው።

«ይሄ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ተሳስተናል ይላል። አጎቴ ጋዜጠኛ ነው፤ የእሱ ጋዜጣ ነው።»

መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ጠጋ አሉ፣ ራቅ አሉ፣ እንደገና ጠጋ አሉ።

«ለመሳሳት ይህን ያህል ትልቅ ፊደል?»

«በተሳሳቱት ልክ ነው» አልኳቸው።

የእህትዎ ልጅ